ጊደር ኮርማ ስለፈለገች ደርሳለችን?

አዳማ ዙሪያ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ ማንበብና መጻፍ ለማስተማር በሄድን ጊዜ ያረፍነው በአንድ አባወራ ቤት ነበር። ከደጃፋቸው ቆሞ ወደ ከተማው ለተመለከተ ሰው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ረጃጅም ጣሪያ ይታየዋል። ፓርኩ የተመረቀው በ2011 ዓ.ም. ነው። ፋብሪካ ባለበት ሠራተኛ አለ፤ ሠራተኛ ባለበት ሻይ ቤት አለ፤ ሻይ ቤት ባለበት ደግሞ ወተት ይፈለጋል። ስለዚህ አባወራው በየማለዳው ወተት በጄሪካን አድርገው ወደ ከተማ ይልካሉ። የልጆቹ ደብተርና ጫማ የሚገዛው፣ የማዳበሪያውም ዕዳ የሚከፈለው ከዚሁ ወተት ነው።

ወተቱን የምትሰጠው አንዲት ድቅል ላም ነበረች። እሷም አንዲት ጥቁርና ነጭ ጊደር ወልዳ ነበር። የቤተሰቡ ተስፋ ሁሉ በዚች ጊደር ላይ ነበር። “እሷ የወለደች ዕለት ጄሪካኑ ሁለት ይሆናል” ይሉ ነበር።

በጥር ወር ጊደሯ 15 ወር ሞላት። አንድ ቀን ማለዳ ስትጮህ፣ ስትቅበጠበጥ፣ እናቷ ላይም ስትንጠለጠል ታየች። አባወራው ወደ እኛ መጡና “ልጆቼ፣ እናንተ መጽሐፍ ታውቃላችሁ። ምን ይበጃል? ኮርማ ላምጣላት ወይስ ልተዋት?” አሉን። እኛም በአንድ መጽሐፍ ላይ “ጊደር በ15 ወሯ ትጠቃለች” የሚል አንብበን ነበርና “ደርሳለች አባባ፣ ይምጣ” አልናቸው። እማወራዋ ግን ከጓዳ ብቅ ብለው “ኧረ ይቺ ገና ልጅ ናት! ደረቷን አታዩትም?” አሉ። ማንም አልሰማቸውም። ከጎረቤት መንደር አንድ ግዙፍ የፈረንጅ ድቅል ኮርማ መጣ።

በጥቅምት ወር ምጥ ያዛት። ሌሊቱን ሙሉ አማጠች። የጥጃው ሁለት እግሮች ታዩ፤ ራሱ ግን አልወጣም። ጎረቤት ተጠራ፤ በገመድ ተሳበ። ጥጃው ሞቶ ወጣ። ጊደሯም በኋላ እግሮቿ መቆም አቃታት። በአራተኛው ቀን አረዷት። ሥጋዋን መንደሩ ተከፋፈለው፤ የተገኘው ገንዘብ የጊደሯን ግማሽ ዋጋ እንኳ አልሞላም። አባወራው አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩንም። እኛን የከበደን ይኸው ነው።

ከሳምንት በኋላ አንድ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ወደ ቀበሌው መጣ። ነገሩን ነገርነው። “በተጠቃች ጊዜ ስንት ኪሎ ነበረች?” ብሎ ጠየቀን። እኛ ግን ዕድሜዋን እንጂ ኪሎዋን አላሰብንም ነበር። ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለን። በጥር ወር የማባዛትና የማካፈል ትምህርት ስናስተምር ተማሪዎቹ ከብቶቻቸውን በሜትር እየለኩ እንዲያሰሉ አድርገን ነበር። ደብተሩን አምጥተን ገለጥን። “ጊደር፣ 168 ኪሎ። እናት፣ 395 ኪሎ” ይላል። ባለሙያው ደብተሩን አየና ጥቂት ዝም አለ። መልሱ ከመጀመሪያው በእጃችን ነበር፤ ማንበቡን ግን አላወቅንበትም።

ታዲያ ይህ ቁጥር ምን ይነግረናል?

አስቀድመን “ጊደር ኮርማ ከፈለገች ደርሳለች” የሚለውን የአባቶች አባባል እንመልከት። ይህ አባባል ከንቱ አይደለም። ለአገራችን ከብት ይሠራ ነበር። የአርሲ ወይም የቦረና ጊደር የምታድገው ቀስ እያለች ነው። ኮርማ የምትፈልገውም ዘግይታ ነው። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው በአራት ዓመቷ ግድም ነው። ስለዚህ ኮርማ በምትፈልግበት ጊዜ አካሏ በአብዛኛው ተሠርቶ ያልቃል። አባቶቻችን ያዩትን ነው የተናገሩት።

ድቅል ጊደር ግን ሌላ ናት። የፈረንጅ ደም ያላት ጊደር ኮርማ የምትፈልገው ቶሎ ነው፤ ገና የትልቅ ላም ግማሽ ክብደት እንኳ ሳትሞላ። ማኅፀኗ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው እንጂ ዳሌዋ ጥጃ ያሳልፋል ማለት አይደለም። በእኛ አካባቢ ይህ ነገር ብዙ ዘመን የለውም። በ1960 ዓ.ም. ግድም በስዊድን እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው፣ በአጭሩ “ካዱ” ይባል የነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የአርሲን ላም ከፍሪዥያን ጋር ያዳቅል ነበር። ከዚያ ወዲህ ድቅል ከብት በአሰላም በአዳማም በሞጆም በዛ። ከብቱ ተለወጠ፤ አባባሉ ግን በነበረበት ቀረ።

የእኛም መጽሐፍ ቢሆን አልዋሸም። ጊደር በ15 ወሯ ትጠቃለች የሚለው ከተወለደች ጀምሮ ወተት ጠግባ ለጠጣች፣ ከዚያም መኖ ሳይጓደልባት ላደገች ጊደር ነው። የእኛዪቱ ጊደር ግን ወተቷ ለከተማ ሲሸጥ ነው ያደገችው። በጋውን በጭድ ነው ያሳለፈችው። ወሩ እኩል ነው፤ አካሉ ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ ዕድሜ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ዳኛው ክብደት ነው። ጊደር ለመጠቃት ስትደርስ የትልቅ ላም ክብደት ከአምስቱ እጅ ሦስቱን መሙላት አለባት፤ ትንሽ ብታልፍ ደግሞ ይሻላል። የእናቷን ክብደት ለአምስት እናካፍል፤ 395 ሲካፈል ለ5፣ 79 ይሆናል። 79ን በ3 ስናባዛ 237 ኪሎ እናገኛለን። የእኛዪቱ ጊደር 168 ኪሎ ነበረች። 69 ኪሎ ጎደላት ማለት ነው። ከአንድ ኩንታል እህል ሁለት ሦስተኛውን ያህል አካል ሳይኖራት ነው ያስረገዝናት።

እናቲቱን መለኪያ ስናደርግ ግን አንድ ነገር እንጠንቀቅ። እናቲቱ ከሁለት ጊዜ በላይ የወለደችና በሥጋ ያልተጎዳች ትሁን። ደግሞም እናት ትንሽ የአገር ላም፣ አባት ትልቅ የፈረንጅ ኮርማ ከሆነ ልጂቱ ስታድግ ከእናቷ ትበልጣለች። እንዲህ ከሆነ መለኪያ የምትሆነው እናቷ ሳትሆን በመንደሩ ያለች እንደሷ ያለ ድቅል ላም ናት።

“ሚዛን ከየት እናምጣ?” ትሉ ይሆናል። ሚዛን አያስፈልግም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሜትር ከሌለ ገመድ ይዛችሁ ከለካችሁበት ላይ ቋጠሮ ቋጥሩና ገመዱን በሜትር ለኩት። ጊደሯ በደልዳላ መሬት ላይ ትቁም፤ ራሷን ቀና ታድርግ። የምትለካው በማለዳ ሳትበላና ሳትጠጣ ነው፤ የሞላ ሆድ ያሳስታልና።

መጀመሪያ የደረቷን ዙሪያ እንለካለን። ሜትሩ ከሻኛዋ ኋላ ወርዶ፣ ከፊት እግሮቿ ኋላ በብብቷ ሥር አልፎ ይገጥማል። አይላላ፣ አይጠብቅም። ቀጥሎ ርዝመቷን እንለካለን። ይህም ከትከሻዋ ፊት ካለው አጥንት ተነሥቶ ከጭራዋ ግራና ቀኝ ጎልቶ እስከሚታየው የመቀመጫ አጥንት ድረስ ነው። ሁለቱንም በሰንቲ ሜትር እንጽፋለን።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የደረቷ ዙሪያ 130፣ ርዝመቷ 108 ነበር። የደረቱን ዙሪያ በራሱ እናባዛለን፤ 130 በ130 ሲባዛ 16,900 ነው። ይህን በርዝመቱ እናባዛለን፤ 16,900 በ108 ሲባዛ 1,825,200 ይሆናል። በመጨረሻ ለ10,840 እናካፍላለን። 168 ኪሎና ጥቂት ይመጣል። ይህ 10,840 የሚባለው ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሰንቲ ሜትሩን ሒሳብ ወደ ኪሎ የሚመልስልን እሱ ነው። ቁጥሩ ከበዛባችሁ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ያስላላችሁ፤ ወይም በስልክ ላይ ያለው ማስሊያ ይሥራው። ስሌቱ ግምት ነው፤ ጥቂት ኪሎ ወደዚህም ወደዚያም ሊል ይችላል። ሆኖም 168ን እና 237ን የሚያምታታ ግምት አይደለም።

ነገሩ የከብት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በባሕር ማዶ እባብን በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ! ይህን ስንናገር እማወራዋ “እግዚኦ!” ብለው ጆሯቸውን ያዙ። ነገር ግን እውነት ነው። በተለይ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከጋናና ከቶጎ አገር የሚሄድ አንድ አጭር ዘንዶ አለ፤ መርዝ የለውም። ጠንቃቃ አሳዳጊዎች ሴቲቱን ከወንድ ጋር የሚያገናኟት ዓመቷን ብቻ ቆጥረው አይደለም። በሚዛን ያስቀምጧታል። አንድ ኪሎ ተኩል ግድም ካልሞላች ይጠብቃሉ። ለምን ቢሉ፣ እንቁላሎቹ የሚሠሩት ከገዛ አካሏ ነው፤ በዚያም ላይ በእርግዝናዋና እንቁላሎቿን ታቅፋ በምትቆይበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ አትበላም። ያላከማቸችውን ከየት ታወጣለች? እባብ የሚመዝን ሰው ካለ፣ እኛ የቤታችንን ጊደር ብንለካ ምን ይገርማል?

ጊደርም እንዲሁ ናት። ያለ ጊዜዋ ያረገዘች ጊደር የምትበላውን ለሦስት ታካፍላለች። አንዱ ለራሷ ኑሮ፣ አንዱ ላላለቀው ዕድገቷ፣ አንዱ ለጥጃዋ ነው። መኖው ካነሰ የሚቀረው ዕድገቷ ነው፤ ዳሌዋ ጠባብ እንደሆነ ይቀራል። በሰላም ብትወልድ እንኳ ወተቷ ያንሳል፤ እንደገና ኮርማ እስክትፈልግም ረጅም ጊዜ ይወስድባታል።

ኪሎው ሞላ ማለት ደግሞ ሁሉ ነገር ሞላ ማለት አይደለም። ዓይንም ይመልከት። ጎድኗ ሁሉ የሚቆጠር ከሆነ፣ የጀርባ አጥንቷም ከወጣ ትቆይ። ከመጠን በላይ የሰባችም ጥሩ አይደለችም፤ ስቡ የመውለጃዋን መንገድ ያጠበዋል። የኋለኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ጎድኖች ብቻ ትንሽ ትንሽ ሲታዩ መልካም ነው። ከወይፈን ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር ካለች ደግሞ ኮርማ ከመፈለጋችሁ በፊት ለእንስሳት ሐኪም አሳዩዋት። ከእንደነዚህ ጊደሮች ከአሥሩ ዘጠኙ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ መካን ናቸው። በማኅፀን ሳሉ የሁለቱ ደም ስለሚገናኝ የሴቲቱ ማኅፀን በትክክል አይሠራም። ይህን ሳያውቁ ሦስት ዓመት መኖ የቀለቡ ሰዎች አሉ።

ወቅቱም ይታሰብ። እርግዝና ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀናት ነው። በጥቅምት የተጠቃች ጊደር በሐምሌ ትወልዳለች። በጥቅምት ከክረምቱ ሣር ወጥታ በሥጋም በጉልበትም ደኅና ናት፤ በሐምሌ ስትወልድ ደግሞ አዲስ ሣር ይጠብቃታል። በጥር የተጠቃችው የእኛዪቱ ግን እርግዝናዋን የጀመረችው ሣር በሌለበት በጋ ነው። የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ጊደር አያሳድግም። ጥቂት ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ሊጨመርበት ይገባል። የስኳር ተረፈ ምርት የሆነው ሞላሰስም ወንጂ ቅርብ ስለሆነ ለአዳማ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ጭዱ ላይ በውሃ በጥብጦ መርጨት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጊደር የምትሠራው ጥጃ ሳለች ነው። ከእናቷ ወተት ላይ ለሷ የሚተውላት ድርሻ ጥፋት አይደለም።

የትኛው ኮርማ ይሁን? የመጀመሪያ ወሊድ ከሆነ ትልቁን ኮርማ አትምረጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ትልቅ ኮርማ ሲያይ ትልቅ ወተት ይታየዋል። ለትንሽ ጊደር ጥጃው ትንሽ የሚሆን ኮርማ ነው የሚያስፈልጋት። በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚዳቀል ከሆነ አዳቃዩን “የመጀመሪያዋ ነው” ብላችሁ ንገሩት። ጀርሲ የሚባለው ዝርያ ጥጃው ትንሽ ነው። በመንደር ኮርማ ከሆነ ደግሞ አባቷ አለመሆኑን አረጋግጡ። ከብዙ መንደር ላሞች ጋር የሚውል ኮርማ የሚያስወርድ በሽታ ይዞ ሊመጣ ስለሚችልም የሐኪም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሁሉ ነገር ከሞላ በኋላ የሚቀረው ሰዓቱን ማወቅ ነው። ጊደር ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ግድም ነው። ፍላጎቱ የሚቆየው ከአንድ ቀን ያነሰ ነው፤ በአገራችን ከብት ከዚያም ያጥራል፤ ብዙ ጊዜም በሌሊት ነው። ስለዚህ ማለዳና ማታ ተመልከቱ። መጮህ፣ መቅበጥበጥ፣ ከብልቷ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ዝልግልግ ነገር መውረድ ምልክቶች ናቸው። ዋናው ምልክት ግን ሌላዋ ስትንጠለጠልባት ዝም ብላ መቆሟ ነው። የምትንጠለጠለዋ ሳትሆን የምትቆመዋ ናት። ማለዳ የታየች ማታ ትዳቀል፤ ማታ የታየች በማግስቱ ማለዳ ትዳቀል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ደም ብታዩ አትደንግጡ፤ ጊዜው አልፏል፣ 21 ቀን ቆጥራችሁ ጠብቁ ማለት ነው። አንድ ዙር ቢያልፋችሁ የሚጠፋው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

ምናልባት ይህን የምታነቡት ዘግይታችሁ፣ ያልደረሰች ጊደር ከግጦሽ ላይ በወይፈን ከተጠቃች በኋላ ይሆናል። ወይፈን ዓመቱን ሳይሞላ ማስረገዝ ይችላል፤ ስለዚህ ወይፈኖችን ወይ መለየት ወይ ማኮላሸት ነው። ነገሩ ከሆነ ግን አትደብቁት። ለእንስሳት ሐኪም በጊዜ ከተነገረው፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እርግዝናውን የሚያቋርጥ መርፌ አለ። መስጠት አለመስጠቱን እሱ አይቶ ይወስናል። ወራት በጨመሩ ቁጥር ለእናቲቱ አደጋው ይጨምራል። እርግዝናው ከገፋ ደግሞ መኖዋን አሻሽሉ፤ መውለጃዋ ሲቀርብ ሐኪሙ ያለበትን እወቁ። የውሃው ከረጢት ከታየ በኋላ ሁለት ሰዓት አልፎ ጥጃው ካልመጣ፣ የሚጠራው ሐኪም ነው እንጂ ገመድና ጎረቤት አይደለም። እኛ ጎረቤት ነበር የጠራነው።

አባወራው አሁን ሌላ ጊደር አላቸው፤ የዚያችው ታናሽ ናት። ሐምሌ 1 ቀን ማለዳ ላይ ለካናት። ሜትሩን የያዙት አባወራው ናቸው፤ ቁጥሩን በከሰል በበረቱ ግድግዳ ላይ የጻፉት ደግሞ እማወራዋ ናቸው። የደረት ዙሪያ 138፣ ርዝመት 112፤ ሲሰላ 197 ኪሎ። 40 ኪሎ ይጎድላታል። በቀን 400 ግራም ከጨመረች በ100 ቀን ትሞላለች። በጣታችን ቆጠርነው፤ ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 30፤ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ወጣ። በነጋታው ማታ ጊደሯ ስትጮህ ተሰማ። አባወራው ወጥተው አዩዋት፤ ከዚያም በረቱን ዘግተው ተመለሱ።